አባይን በአየር ተሻግራ እቴቴ ረከቦት ላይ ያረፈችው ጥይት

ጉዳዩ የተፈጠረው ባህር ዳር አባይ ማዶ፣ አክስቴ እቴቴ ቤት ነው። ጥር ነው፣ የሰርግ ወር፣ እሁድ ከሰአት ወደ ዘጠኝ ሰአት ተኩል ገደማ። እቴቴ ቡናዋን አፍልታ ቶና ላይ ደርሳለች፣ ፈንዲሻ ልታመጣ ጓዳ ገባ ስትል ከላይ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማች፣ ተከትሎት የሲኒ ስባሪ። መጀመሪያ ድመቷ ናት ብላ "ውጪ አንቺ!" እያለች ነው የመጣችው። ረከቦቱ ላይ ከነበሩት ስድስት ሲኒዎች አንዱ ደቆ አልቋል፣ እንጨቱ ላይ የጣት ጥፍር የምታስገባ ጉድጓድ አለች፣ ፎቴው ስር ደግሞ የመዳብ መልክ ያላት ጫፏ ትንሽ የተንሻፈፈ ነገር ተንከባላ ገብታለች። አረር ነች። እቴቴ ተቀምጣበት የነበረው ዱካ ከረከቦቱ አንድ ክንድ አይርቅም።

ያኔ ነው ኡኡ ያለችው፣ ሰፈሩም በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጥቶ ፈረደ። ከአጥሩ ማዶ በምስራቅ በኩል ሰርግ አለ፣ ድንኳኑ ተጥሏል፣ ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ የሙሽሪት አጎት ከገጠር የመጡ ናቸውና በክላሽ አቀባበል አድርገዋል፣ እልልታና ፉከራ ምናምን፣ ሁሉም ሰምቷል። ታዲያ ሌላ ከየት ይመጣል? እቴቴ አረሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ አጥር ላይ ቆማ "እርስዎ ሰው ሊገድሉ ነው ወይ የመጡት፣ ሰርግ ነው ያልነው እኮ!" ስትላቸው ሰውየው ከምር ደነገጡ፣ ግን ደጋግመው አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት፦ "እመቤት፣ እኔ ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩ፣ ቀጥ አድርጌ ወደ ሰማይ!" ይሄን ሲሉ ነፃ የሚያወጣቸው መስሏቸዋል። ሰፈሩ ደግሞ ይሄንኑ ሰምቶ "አዎ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ እሳቸው ናቸው" አለ። ያው ሁለቱም ወገን አንድ አይነት ፊዚክስ ነው የሚያምነው፣ ሁለቱም ተሳስቷል።

እኔ የተጠራሁት ማታ ነው። ፊዚክስ ስለማስተምር ቤተሰቡ ውስጥ ከፊውዝ መቃጠል ጀምሮ ሁሉም ነገር "መምህር ይምጣና ይየው" ነው። እውነት ለመናገር እኔም ስሄድ የሰርጉ ነው ብዬ ነበር፣ አጎትየውን እንዴት አድርጌ እንደምወቅሳቸው ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሳስብ ነው የደረስኩት።

ከአረሯ ልጀምር። በማግስቱ ገበያ አካባቢ አንድ ወርቅ ቤት ይዣት ሄድኩና ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት፣ 7.8 ግራም። ባለሱቁ "ይቺማ ወርቅ አይደለችም" ብሎ ሳቀብኝ። ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁት ማግኔት ሲጠጋት ዘላ ተለጠፈች፣ ስለዚህ ውስጧ ብረት አለ፣ እርሳስ ብቻ ቢሆን አትያዝም ነበር። ጎኗ ላይ ደግሞ ጋደል ያሉ አራት ጭረቶች አሉ፣ የአፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ የተወው ምልክት ነው። 8 ግራም ገደማ፣ የብረት እምብርት፣ አራት ቦይ፣ ይሄ የክላሽ ነው፣ ምንሽር አይደለም፣ ሽጉጥም አይደለም። ክላሽ ደግሞ ሰርጉ ላይም ነበር፣ ስለዚህ እስከዚህ ድረስ አጎትየው ገና አልዳኑም።

አሁን ትንሽ ወደ ሰማይ እንውጣ። የክላሽ አረር ከአፈሙዝ ስትወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ትጓዛለች፣ አየር የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ቀጥ ብላ ብትተኮስ 26 ኪሎ ሜትር ወጥታ በወጣችበት ፍጥነት ተመልሳ ትመጣ ነበር። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የምናሰላት እሷን ናት፣ ፈተና ላይም የምትመጣው እሷ ናት፣ እና ተማሪዎቼ በሙሉ "በተተኮሰችበት ስፒድ ትመለሳለች" ብለው ነው የሚመረቁት፣ ጥፋቱ የኔም ነው። እውነተኛዋ አረር ግን አየሩ ገና ከአፈሙዝ ስትወጣ ጀምሮ ነው የሚይዛት፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል አካባቢ ስትደርስ ጉልበቷ ያልቃል። ስትወርድም የአየሩ ግፊትና የራሷ ክብደት እኩል የሚሆኑበት ፍጥነት ላይ ትደርስና ከዛ በኋላ አትፈጥንም።

ይሄን በወረቀት ሳይሆን በተግባር የለካ ሰው አለ። ጁሊያን ሀቸር የሚባል የአሜሪካ ጦር መኮንን ከአንደኛው የአለም ጦርነት በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ ውሃ ላይ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች መድረክ አንሳፎ፣ መትረየስ ቀጥ አድርጎ ተክሎ፣ ከ500 በላይ ጥይት ወደ ሰማይ አስተኮሰ። መድረኳ ላይ ያረፉት አራት ብቻ ናቸው! ሌላው በነፋስ ተወስዶ ውሃ ውስጥ ቀረ። ለመውጣት 18 ሰከንድ፣ ለመውረድ 31 ሰከንድ፣ በድምሩ 49 ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅባቸው፣ ሲወርዱ ፍጥነታቸው በሰከንድ 90 ሜትር አካባቢ፣ እና ደግሞ በቂጣቸው ነው የወረዱት። ይቺን የቂጧን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በነገራችን ላይ ያ የፍሎሪዳው ሙከራ የተደረገው ባህር ጠለል ላይ ነው። የኛዋ ባህር ዳር ባህር ትባል እንጂ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፍሬኑም ይላላል፣ ስለዚህ እዚህ የምትወርድ ጥይት እዛ ከምትወርደው አስር በመቶ ያህል ትፈጥናለች። በሰከንድ 100 ሜትር ብለን እንያዘው፣ አፍንጫዋን አስቀድማ የምትወርድ ከሆነ ደግሞ ከዛም ትበልጣለች። 100 ላይ ጉልበቷ 40 ጁል ነው። ከአፈሙዝ ስትወጣ 2000 ጁል ነበራት፣ ሃምሳ እጥፍ ወርዷል ማለት ነው። ሰው ይሄን ሰምቶ "በቃ ሞታለች" ይላል። 40 ጁል ማለት ግን 4 ኪሎ ጤፍ ከአንድ ሜትር ከፍታ ቢወድቅ የሚኖረው ጉልበት ነው፣ ያ ሁሉ ግን የሚያርፈው ከትንሿ ጣት ጥፍር በማትበልጥ ቦታ ላይ ነው። የሰውን ቆዳ ለመብሳት ደግሞ በሰከንድ 60 ሜትር አካባቢ በቂ ነው።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ከ1985 እስከ 1992 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከሰማይ በወረደ ጥይት የተመቱ 118 ሰዎችን አክሞ 38ቱ ሞተዋል፣ አብዛኞቹ የተመቱት ጭንቅላታቸውን ነው። ከላይ ለሚመጣ ነገር የሰው ልጅ የሚያቀርበው ጭንቅላቱንና ትከሻውን ስለሆነ።

ወደ ቆርቆሮው ልመለስ። የአክስቴ ልጅ ግንበኛ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ቱንቢውንና ሲባጎውን ይዞ መጣ፣ መሰላል አቁመን ጣሪያ ላይ ወጣን። ቆርቆሮው አሮጌ ነው፣ ስስ፣ ላዩ ላይ ስትራመድ የሚሰረጎደው አይነት። ቀዳዳዋ የምታምር ነበረች፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። ክብ ልትባል ትንሽ የቀራት፣ ትንሹን ጣቴን የማታስገባ፣ ጠርዟ ወደ ውስጥ እንደ ማጥለያ አፍ የተሳበና አራት ቦታ የተሰነጠቀ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ መዞር የጀመረው።

የክላሽ አረር ርዝመቷ ሁለት ሴንቲ ተኩል አካባቢ፣ ውፍረቷ ግን 8 ሚሊ እንኳ አይሞላም። እየተገለባበጠች ብትወርድ ኖሮ በጎኗ መትታ ቆርቆሮውን እንደ ቢላ ሰንጥቃ ረዘም ያለ ቀዳዳ ትተው ነበር። በቂጧ ብትወርድ ደግሞ ጠፍጣፋ ስለሆነች ቆርቆሮውን እንደ ወረቀት መብሻ ክብ አድርጋ ነበር የምትቆርጠው። የኛዋ ግን ቆርቆሮውን ገፍታ፣ ለጥጣ፣ ሰንጥቃ ነው የገባችው፣ አፍንጫዋን አስቀድማ ማለት ነው። አረሯንም አገላብጬ ሳያት የተንሻፈፈው ጫፏ ላይ ከቆርቆሮው የተፋቀ ብርማ ነገር ተለቅልቋል፣ ቂጧ ላይ ምንም የለም።

ለምን ይሄ ሁሉ ጣጣ ካላችሁ፣ አረር እንዝርት ናት። ከአፈሙዝ ስትወጣ በሰከንድ ወደ 3000 ጊዜ ትሾራለች፣ እንዝርት እየሾረ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ እንደሚቆም እሷም አፍንጫዋን ወዳነጣጠረችበት ይዛ ትቆያለች። ቀጥ ብላ ወደ ሰማይ ከተተኮሰች ጫፍ ላይ ስትደርስ አትገለበጥም፣ አፍንጫዋ ሰማይ ሰማይ እያየ በቂጧ ትወርዳለች፣ ሀቸር ያየው ይሄንን ነው። ዘንበል ተደርጋ ከተተኮሰች ግን መንገዷ እንደ ቀስተ ደመና ጎብጦ ሲዞር አፍንጫዋም ቀስ እያለ አብሮ ይዞራል፣ ሽክርክሪቷ አይበላሽም፣ አየሩንም እየሰነጠቀች ትመጣለች። የምትፈራው እሷ ናት። ስለዚህ የእቴቴን ሲኒ የሰበረችው ቀጥ ብላ የተተኮሰች አልነበረችም።

ቀጥሎ ቱንቢው። ቤቱ የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው ያለው፣ በኖራ የተቀባ፣ ስለዚህ ኮርኒሱ ላይም ቀዳዳ አለ፣ ረከቦቱ ላይ ደግሞ ጉድጓዷ አለች። ሶስት ነጥብ! እንዲህ አይነት እድል አይገኝም፣ ረከቦቱን ማንም እንዳያነሳው ብዬ እቴቴ ሁለት ቀን ሙሉ ቡና በትሪ ነው ያፈላችው፣ እስካሁን ታነሳብኛለች። ከቆርቆሮው ቀዳዳ ቱንቢውን ለቀቅነው፣ ቀጥ ብሎ የወረደው ኮርኒሱ ቀዳዳ ላይ ሳይሆን 22 ሴንቲ ራቅ ብሎ ነው። እስከ ረከቦቱ ስናወርደው ደግሞ ከፍታው 2 ሜትር ከ95፣ ወደ ጎን የሳተው 1 ሜትር ከ2 ሴንቲ። አካፍዬ ሳየው ከቱንቢው ክር 19 ዲግሪ ያዘነበለ መስመር ነው። ቆርቆሮ ስትበሳ ትንሽ አቅጣጫ ሊያስታት እንደሚችል አውቃለሁ፣ ለዛ ነው ሁለቱን ክፍል ለየብቻ የለካሁት፣ ላይኛው 17 ታችኛው 20 አካባቢ ነው፣ አልተለያዩም ማለት ይቻላል።

ነፋስ ገፍቷት ይሆን? የከሰአት ነፋስ ከጣና በኩል እንደሚመጣ ማንም ያውቃል፣ ግን በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በ100 ሜትር የምትወርድን ጥይት የሚያዘነብላት ሶስት ዲግሪ ቢሆን ነው። 19 ዲግሪ ለማምጣት ድንኳኑም ቆርቆሮውም አብሮ የሚበር ማዕበል ያስፈልጋል። ቀን ላይ የነበረው ነፋስ ደግሞ የእጣኑን ጭስ እንኳ በቅጡ አልበተነም፣ እቴቴ ራሷ ናት ያለችኝ።

እና አቅጣጫው። ሲባጎውን ከረከቦቱ በኮርኒሱ በኩል በቆርቆሮው ቀዳዳ አሳልፈን ወጥረን፣ የሞባይሌን ኮምፓስ ከስሩ አስቀመጥኩ። የሰርጉ ድንኳን በምስራቅ ነው ብያለሁ። ሲባጎው የሚያሳየው ምዕራብን ነው፣ አባይን፣ ድልድዩን፣ ከዛ ማዶ ከተማውን። የአክስቴ ልጅ ጣሪያው ላይ ቆሞ ሲባጎውን በአይኑ እየተከተለ "ኧረ ይቺ ልጅ ውሃ ተሻግራ ነው የመጣች!" አለ።

ማታ ኤክሴል ከፍቼ የአየሩን ግፊት በየሰከንዱ ሽራፊ እያሰላሁ ጥይቷን ወደ ኋላ መለስኳት። በ19 ዲግሪ ዝንባሌ ለመውረድ ስትተኮስ ከመሬት ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ገደማ ቀና ተደርጋ መሆን አለባት። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚገርመው፣ ወርዳ ስታይዋት ቀጥ ያለች ልትመስል ትንሽ ነው የቀራት፣ የወጣችው ግን በግማሽ ነው የቀናችው፣ ምክንያቱም አየሩ ወደ ፊት የሚወስዳትን ጉልበት መንገድ ላይ በልቶ ይጨርሰዋል፣ ወደ ታች የሚስባትን ግን ምድር እየተካች ትቀጥላለች። ርቀቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ወጣልኝ፣ ክላሽ እስከ ሶስት ኪሎ ሜትር ሊሄድ እንደሚችል የታወቀ ነው። አየር ላይ የቆየችው ከግማሽ ደቂቃ በላይ ነው። የተኩሱ ድምፅ ግን ያን ርቀት በሰባት ስምንት ሰከንድ ይጨርሰዋል፣ ስለዚህ ከተማ ውስጥ የሆነ ሰርግ ላይ የሆነ ሰው ተኩሶ፣ ድምፁ እዚህ ደርሶ ጠፍቶ፣ እቴቴ ሲኒዎቹን ሞልታ ለፈንዲሻ እስክትነሳ ድረስ ጥይቷ ገና መንገድ ላይ ናት።

ያም ሆኖ ሰፈሩ በሲባጎ አላመነም። "ታዲያ ተኩሱን የሰማነው ከዚህ አይደል?" አሉኝ። ያዳነኝ የሰርጉ ካሜራማን ነው፣ ያልተቆረጠውን ፋይል ለመነው ሰጠን። የአጎትየው የመጨረሻ ተኩስ አለ፣ ከዛ ጭፈራ፣ ከዛ ሰው እየተቀመጠ ነው፣ ከዛ ከአጥሩ ማዶ በጣም ጥርት ብሎ የእቴቴ ኡኡታ ይሰማል። በመሀል ስድስት ደቂቃ ከምናምን። የትኛዋም የክላሽ ጥይት አየር ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ አትቆይም፣ ስድስት ደቂቃማ ጠላ ልትጠጣ ነው ወይ። አለቀ። እቴቴ አጥሩ ላይ ሄዳ "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ሰይጣን ነው" አለቻቸው፣ እሳቸውም ግማሽ ደርዘን ሲኒ ገዝተው ሊልኩ እንደነበር ተናገሩ፣ ላኩም። ለፖሊስ ተነግሯል፣ አረሯም ታይታለች፣ ግን ከወንዙ ማዶ በዛ ጥር እሁድ ስንት ሰርግ እንደነበረ አስቡት፣ ተኳሹ ራሱ ሰው ቤት እንደገባች አያውቅም። የጦር መሳሪያ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1177/2012፣ አዋጅ ግን ተኳሹ ካልታወቀ ማን ላይ ይሰራል።

እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ ነበር። አጎትየው ግን ወደ ገጠር ከመመለሳቸው በፊት ሊሰናበቱ መጡና፣ ደስ ብሏቸው፣ "አላልኩህም መምህር፣ እኔ ቀጥ አድርጌ ነው" አሉኝ። ተውኩት ልል ነበር፣ የአክስቴ ልጅ ነው አፉ አላርፍ ብሎት "ጋሼ እስቲ እንዴት እንደያዙት ያሳዩን" ያላቸው። ዱላቸውን እንደ ክላሽ ያዙት፣ ቂጡን ሽንጣቸው ላይ ደግፈው፣ ጫፉን ወደ ላይ፣ ፉከራም ቢጤ ጀመር አድርገው ነበር። እሱ ቱንቢውን ከዱላው ጫፍ አንጠለጠለው፣ እኔ ለካሁ። 24 ዲግሪ ያዘነበለ። "አሁን ቀጥ ነው?" አልኳቸው። "ቀጥ ነው እንጂ!" ደግመው ያዙ፣ 31። ሶስተኛ ላይ ተጠንቅቀው፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ 18። ሰውየው ውሸታም አይደሉም፣ ሰው ሽንጡ ላይ ደግፎ ሲይዝ ቀጥ የሚመስለው እንደዛ ነው፣ እኔም ሞክሬ 20 አልፌያለሁ። ቀጥ አድርጎ ለመተኮስ አፈሙዙን አናት ላይ ማድረግ አለብህ፣ ይሄን ደግሞ ጤነኛ ሰው አያደርገውም።

24 ዲግሪ ያዘነበለች ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርቃ ነው የምትወድቀው፣ ያውም አፍንጫዋን አስቀድማ ልትመጣ የምትችለዋ አይነት። ካሜራማኑ ፋይል ላይ ደግሞ አጎትየው የቆሙት ፊታቸውን ሙሽራው ወደሚመጣበት፣ ወደ ድልድዩ አዙረው ነው። የሰፈር ልጆች ድንኳኑ በር ላይ የለቀሙት ቀለህ 23 ነበር፣ ቆጥረን ነው፣ አንዱን ልጅ እቴቴ ፉጨት ሲያደርገው አይታ ቀምታዋለች።

አጎትየው ዱላቸውን አላወረዱም። የጠቆሙበትን አቅጣጫ በአይናቸው ተከትለው አባይን አዩ፣ ከማዶ ቆርቆሮው በፀሐይ ያብለጨልጫል፣ ከዛ ወደኔ ዞረው ቀስ ብለው "ልጄ፣ የኔዎቹስ የማን ቤት ገቡ?" አሉኝ።

ኤክሴሉን ልከፍትላቸው እችል ነበር፣ 23ቱንም። አልከፈትኩም። እቴቴ ቡና ቀድታ ሰጠቻቸው፣ ከአዲሱ ሲኒ፣ ቆመው ነው የጠጡት። የቆርቆሮው ቀዳዳ በሬንጅ ተደፍኗል፣ የኮርኒሱ እንዳለ ነው፣ የረከቦቱ ጉድጓድ ላይ እቴቴ የስኳር ጣሳውን ታስቀምጥበታለች።